ሦስቱ ፍላጻዎች በእርግጥ ነበሩ? የሳሙራዩ አለቃ የሞሪ ሞቶናሪ ሕይወት

ታሪኩ እንዲህ ይላል። አንድ ሽማግሌ ሳሙራይ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ሦስት ወንዶች ልጆቹን አልጋው አጠገብ ይጠራቸዋል። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፍላጻ ይሰጥና «ስበሩት» ይላቸዋል። ሦስቱም ቀጭ አድርገው ይሰብሩታል። ቀጥሎ ሦስት ፍላጻ አንድ ላይ አስሮ ይሰጣቸዋል፤ ቢታገሉ ቢታገሉ እምቢ ይላል። ተለያይታችሁ ከቆማችሁ ጠላት አንድ በአንድ ይሰብራችኋል፣ አንድ ከሆናችሁ ግን ማንም አይችላችሁም ብሏቸው ይሞታል። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ነገር ማለት ነው።

ጃፓን ውስጥ ይህን ታሪክ ያልሰማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። የሂሮሺማ ከተማ የእግር ኳስ ክለብ ስሙ ሳንፍሬቼ ነው፤ «ሳን» በጃፓንኛ ሦስት፣ «ፍሬቼ» ደግሞ በጣሊያንኛ ፍላጻዎች ማለት ነው። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋም በ1985 «ራን» የተባለውን ፊልሙን ሲሠራ አንዱ መነሻው ይኸው ታሪክ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ታዲያ ትንሹ ልጅ ሦስቱንም ፍላጻ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰብራቸዋል።

አባትየው በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ስሙ ሞሪ ሞቶናሪ ይባላል። (በጃፓኖች ልማድ የቤተሰቡ ስም ይቀድማል፤ «ሞሪ» የቤቱ ስም፣ «ሞቶናሪ» የራሱ ነው።) የሞተው በ1571 ነው። እዚህ ጋ ግን አንድ ችግር አለ። የመጀመሪያ ልጁ ታካሞቶ የሞተው በ1563፣ ማለትም ከአባቱ ስምንት ዓመት ቀድሞ ነው። ሁለተኛው ልጁ ሞቶሃሩ ደግሞ አባቱ ሲሞት ኢዙሞ በሚባል ሩቅ አውራጃ ጦር ሜዳ ላይ ነበር። ታዲያ አልጋው አጠገብ ተሰብስበው ፍላጻ የሰበሩት ሦስት ልጆች እነማን ናቸው?

ታሪኩ ተረት ነው ብለን ትተነው መሄድ እንችላለን። ነገር ግን ከተረቱ ጀርባ አንድ እውነተኛ ወረቀት አለ፤ ሞቶናሪ በገዛ እጁ ለሦስቱ ልጆቹ የጻፈው ደብዳቤ። እስከ ዛሬም ተቀምጧል። እውነቱን ለመናገር እኔ ከፍላጻዎቹ ይልቅ የምወደው ደብዳቤውን ነው፣ ምክንያቱም ውስጡ ያለው ሰውዬ ተረቱ ውስጥ እንዳለው ጥበበኛ ሽማግሌ የተረጋጋ አይደለም። የሚፈራ ሰው ነው። የሚፈራበትንም ምክንያት ለማወቅ ከልጅነቱ መጀመር አለብን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞቶናሪ የተወለደው በ1497 አኪ በሚባል አውራጃ ነው፤ ዛሬ የሂሮሺማ ክፍለ ሀገር ምዕራባዊ ክፍል ማለት ነው። ያኔ ጃፓን ንጉሠ ነገሥት ነበራት፣ ሾጉን የሚባል የጦር ገዢም ነበራት፣ ግን ሁለቱም ከኪዮቶ ከተማ ውጪ የሚሰማቸው ሰው እያነሰ ነበር። ከ1467 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የቆየ ጦርነት ዋና ከተማዋን አቃጥሎ አውራጃዎቹን ለየራሳቸው ለቋቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መቶ ዓመት ጃፓኖች «ሴንጎኩ» ይሉታል፤ አገሩ ሁሉ እርስ በርሱ የተዋጋበት ዘመን ነው። በእኛ ቋንቋ ዘመነ መሳፍንት ብንለው ስሜቱን ይሰጠናል፤ ሁለቱ ዘመናት ግን አንድ አይነት ነበሩ ማለቴ አይደለም።

የሞሪ ቤት በዚያ ዘመን ትልቅ ቤት አልነበረም። አኪ ውስጥ እንደነሱ ያሉ ብዙ ትንንሽ ባላባቶች ነበሩ፤ ሁሉም በየተራራው አናት ላይ አምባ ሠርተው በየሸለቆው ያለውን የሩዝ እርሻ ይጠብቃሉ። በሰሜን በኩል የኢዙሞው አማጎ፣ በምዕራብ በኩል የያማጉቺው ኦውቺ የሚባሉ ሁለት ኃያላን ቤቶች አሉ። እነዚህ ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ መሀል ያለው ሣር የአኪ ባላባቶች ናቸው። አንዱን ከወገንክ ሌላው ያጠፋሃል፤ ማንንም ካልወገንክ ሁለቱም ይመጡብሃል።

ሞቶናሪ ሁለተኛ ልጅ ስለነበር ቤቱን የመውረስ ተስፋ አልነበረውም። እናቱን በአምስት ዓመቱ፣ አባቱን በአሥር ዓመቱ አጣ። (ይህ በድሮው የጃፓኖች አቆጣጠር ነው፤ ልጅ ሲወለድ አንድ ዓመት ተብሎ በየአዲሱ ዓመት አንድ ይጨመርለታል። በእኛ አቆጣጠር አንድ ዓመት ገደማ ቀንሱ።) ታላቅ ወንድሙ ኦኪሞቶ ኦውቺን ተከትሎ ወደ ኪዮቶ ሲዘምት ልጁ ብቻውን ቀረ። ያን ጊዜ ኢኖዌ ከሚባለው ቤት የሆነ አንድ የአባቱ ሎሌ፣ ጠባቂው መሆን ሲገባው፣ መሬቱን ወሰደበት። ሰዉ «ለማኙ ጌታ» ይለው ነበር ይባላል።

ያነሳችው የእንጀራ እናቱ ናት። ሱጊ ኖ ኦካታ ትባላለች፤ ገና ወጣት ነበረች፣ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ሌላ ባል ማግባት ትችል ነበር። እሷ ግን ልጁን ትታ አልሄደችም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለልጆቹ ሲጽፍ ሞቶናሪ ይህን አልረሳውም፤ በአሥራ አንድ ዓመቱ በየጠዋቱ ወደ ፀሐይ ዞሮ የቡድሃን ስም መጥራት የተማረው እሷ ዘንድ እያለ እንደሆነና ልማዱን ከዚያ ወዲህ እንዳላቋረጠ ይነግራቸዋል።

ሌላም የልጅነት ጠባሳ አለ። አያቱ በሠላሳ ሦስት፣ አባቱ በሠላሳ ዘጠኝ፣ ወንድሙ በሃያ አራት ዓመታቸው ሞቱ። ሞቶናሪ እንደሚለው ሦስቱንም የጨረሳቸው መጠጥ ነው። ስለዚህ እሱ አይጠጣም ነበር። አርጅቶም ሳለ የልጅ ልጁ መጠጥ ማብዛት ሲጀምር ለልጁ እናት ደብዳቤ ጽፎ መጠኑን እንድትቆጣጠር አስጠንቅቋታል። ሰባ አራት ዓመት መኖሩን የቤተሰቡ ሰዎች ካረፉበት ዕድሜ ጋር ስታነጻጽሩት፣ ምናልባት ከጦርነቶቹ ሁሉ የበለጠ ውጤት ያመጣለት ይህ ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሙ በ1516 ሲሞት የሁለት ዓመት ሕፃን ትቶ ስለነበር ሞቶናሪ የሕፃኑ ሞግዚት ሆነ። በማግስቱ ዓመት ጎረቤት ባላባት ታኬዳ ሞቶሺጌ ቤቱ ሕፃን እጅ መግባቱን አይቶ ጦር ይዞ መጣ። የሃያ ዓመቱ ሞቶናሪ የመጀመሪያ ውጊያውን ተዋጋ፤ ታኬዳ ወንዝ ሲሻገር በፍላጻ ተመቶ ሞተ። እንግዲህ በሞቶናሪ ሕይወት ውስጥ በእርግጠኝነት ትልቅ ሥራ የሠራው ፍላጻ ይሄኛው ነው።

በ1523 ሕፃኑም ሞተ። የቤቱ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሞቶናሪን አለቃ አደረጉት፤ ዮሺዳ ወደሚባለው ቦታ፣ ወደ ኮሪያማ አምባም ገባ። ዓመት ሳይሞላ ግን ከሎሌዎቹ ከፊሎቹ የአባቱን ልጅ ሞቶትሱናን በእሱ ቦታ ሊያነግሡ አሴሩ፤ ከጀርባቸው አማጎዎች ነበሩበት። ሞቶናሪ ቀደማቸውና ወንድሙን አስገደለ። ስለ አንድነት በተረት የምናውቀው አባት ሥልጣኑን የጀመረው እንዲህ ነው። ከዚያ አማጎን ትቶ ወደ ኦውቺ ዞረ።

አማጎዎች ይህን አልረሱም። በ1540 ጦራቸው ኮሪያማን ከበበ፤ በሠላሳ ሺህ የሚቆጠር ሰራዊት ነበር ይባላል። አምባው ውስጥ ሁለት ሺህ አራት መቶ ገደማ ተዋጊ ነበር፤ ሞቶናሪ ግን በዙሪያው ያለውን ገበሬም ከነቤተሰቡ ወደ ላይ አስገባ። ከበባው ክረምቱን ሁሉ ቆየ። በ1541 መጀመሪያ ኦውቺ የላከው ረዳት ጦር ደረሰና አማጎዎች በበረዶ መሀል ወደ አገራቸው አፈገፈጉ። በተራው ኦውቺ በ1542 ወደ ኢዙሞ ሲዘምት ሞቶናሪ አብሮ ሄዶ ክፉኛ ተሸነፉ። ሲሸሹ ሊያዝ ሲል ዋታናቤ የሚባል ሎሌው የጌታውን የጦር ልብስ ለብሶ ጠላትን ወደራሱ እንደሳበና እንደሞተለት ይተረካል።

በነገራችን ላይ፣ ሞቶናሪ ከኢዙሞ እየሸሸ በተመለሰበት በ1543 ፖርቱጋሎች ታኔጋሺማ በሚባል ደሴት ደርሰው የመጀመሪያዎቹን ጠመንጃዎች ለጃፓኖች አሳዩ። በዚያው ዓመት የካቲት ውስጥ ደግሞ ወይና ደጋ ላይ ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ሆነው ከኢማም አሕመድ ጦር ጋር የተዋጉት የፖርቱጋል ነፍጠኞች ነበሩ። ሁለቱ አገሮች አይተዋወቁም፣ መርከቦቹ ግን የአንድ አገር ናቸው።

ወደ ልጆቹ እንመለስ። ሞቶናሪ ከሚስቱ ከምዮኪዩ ሦስት ወንዶችና ያገባች ሴት ልጅ ነበሩት። ታካሞቶ የሞሪን ቤት ይወርሳል። የሁለቱ ነገር ግን ብልሃት ያስፈልገዋል። በሰሜን ኪክካዋ፣ በደቡብ ባህር ዳር ደግሞ ኮባያካዋ የሚባሉ ሁለት ጎረቤት ቤቶች አሉ። ጃፓን ውስጥ ወራሽ ያጣ ቤት የሌላ ቤት ልጅ ወስዶ ስሙን ማውረስ የተለመደ ነው። በ1544 ሦስተኛው ልጅ ታካካጌ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ለኮባያካዋ ቤት አንድ ቅርንጫፍ ተሰጠ። በ1547 ደግሞ ሞቶሃሩ የኪክካዋ ወራሽ ሆነ። «ካዋ» ወንዝ ማለት ስለሆነ የኋላ ሰዎች ሁለቱን ቤቶች የሞሪ «ሁለቱ ወንዞች» አሏቸው።

ስሙ ያምራል። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነው። የኪክካዋ ቤት የሞቶናሪ ሚስት የተወለደችበት ቤት ነበር፤ አለቃው ኦኪትሱኔም የወንድሟ ልጅ ነው። ሰውየው ወራሽ ያጣ አልነበረም፤ በሎሌዎቹ ግፊት ሥልጣኑን ለቆ ልጁን ይዞ ገለል አለ። በ1550 ሞቶናሪ ሰው ልኮ አባትና ልጁን አስገደላቸው። ዋናው የኮባያካዋ ቤት አለቃ ደግሞ ዓይነ ስውር ወጣት ነበር፤ መነኩሴ እንዲሆን ተደረገና ታካካጌ እህቱን አግብቶ ቤቱን ወረሰ፤ እምቢ ያሉ ሎሌዎችም ተገደሉ።

በዚያው በ1550 ተራው የኢኖዌዎች ሆነ። ልጅ እያለ መሬቱን የነጠቀውን ሎሌ ታስታውሳላችሁ? የሰውየው ዘመዶች ከዚያ ወዲህም ኃያላን ሆነው፣ ሲጠሩ የማይመጡ፣ ግብር ሲባሉ የማይሰጡ ሆነው ኖረዋል። ሞቶናሪ አርባ ዓመት ገደማ ታገሳቸው። አንድ ቀን ከሠላሳ በላይ የሚሆኑትን አስፈጃቸው። ወዲያው 238 ሎሌዎቹ ፈርመው ለሞሪ ቤት እንደሚታዘዙ የሚገልጽ ቃለ መሐላ አስገቡ። በዚያ ሳምንት ማን ደፍሮ አልፈርምም ይላል?

አሁን ወደ ታላቁ ውጊያ ደርሰናል። በ1551 የኦውቺ ጦር አዛዥ የነበረው ሱዌ ሃሩካታ በጌታው ላይ አምፆ ራሱን እንዲያጠፋ አደረገው። ሞቶናሪ መጀመሪያ ዝም አለ፤ እንዲያውም ከሱዌ ጋር ሠራ። በ1554 ግን ተለያዩ። ሱዌ ብዙ ጦር አለው፤ ሜዳ ላይ ቢገጥሙ ሞቶናሪ አይችለውም። ስለዚህ ብዛት የማይጠቅምበት ቦታ መረጠ፤ ቦታው ኢትሱኩሺማ ደሴት ነው። ዛሬ ሚያጂማ ተብሎ በፖስታ ካርድ ላይ የምታዩት፣ ባህር ውስጥ የቆመ ቀይ ትልቅ በር ያለበት ደሴት ማለት ነው።

ሞቶናሪ እዚያ ትንሽ ምሽግ ሠራ፤ ማጥመጃ ነበር። የኋላ ዘመን የጦርነት ትረካዎች እንደሚሉት ሰላዮች እንዲሰሙት ብሎ «ምሽጉን እዚያ በመሥራቴ ተሳስቻለሁ» እያለ ያማርር ነበር። ይህ እውነት ይሁን ፈጠራ፣ ሱዌ መጣ። በ1555 መስከረም ላይ ጦሩን ደሴቲቱ ላይ አሰፈረ። ትረካዎቹ ሃያ ሺህ ሰው ነበር ይላሉ፤ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ያን ያህል ሰው በዚያ ጠባብ ዳርቻ ላይ መስፈሩን ይጠራጠራሉ። የጥንት ጦርነት ቁጥር ስታነቡ ሁሌም ቦታውን በካርታ አይታችሁ «እነዚህ ሁሉ ሰዎች የት ተኙ? ምን በሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሞቶናሪ ሦስት ወይም አራት ሺህ ሰው ነበረው ይባላል። የቁጥሩ ነገር ያከራክር እንጂ የሱዌ ጦር እንደሚበልጥ የሚጠራጠር የለም።

ሞቶናሪ የሚያስፈልገው መርከብ ነበር። የውስጡን ባህር የሚቆጣጠሩት ሙራካሚ የሚባሉ የባህር ሰዎች ናቸው፤ ከመርከብ ቀረጥ የሚሰበስቡ፣ ሲፈልጉ የሚዘርፉ፣ ሲከፈላቸው የሚያጅቡ። እነሱ በመጨረሻው ሰዓት ለሞቶናሪ ወገን መጡለት። ዝናብና ነፋስ በቀላቀለ ሌሊት የሞሪ ጦር ከደሴቲቱ ጀርባ ወረደ፣ ጫካውን ወጥቶ ንጋት ላይ ከሱዌ ሰፈር በላይ ካለው ጋራ ቁልቁል ተወረወረ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ ታካካጌ ከፊት ለፊት ገባ። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 16 ነበር። ጠባቡ ሰፈር ውስጥ ብዛቱ ራሱ ለሱዌ ጦር ጠንቅ ሆነበት፤ መዞሪያ የለም፣ መሸሻም የለም። ሱዌ ወደ ምዕራብ ዳርቻ ሸሸ፤ የሚያሻግረው ጀልባ ሲያጣ እዚያው ራሱን አጠፋ።

እኔን የሚገርመኝ ከውጊያው በኋላ የሆነው ነው። ኢትሱኩሺማ የተቀደሰች ደሴት ናት፤ በድሮው ሥርዓት እዚያ መውለድም መሞትም ክልክል ነበር። ሞቶናሪ ሬሳዎቹን ሁሉ ወደ ዋናው ምድር አሻገረ፣ ደም የነካውን አፈር አስጠርጎ አስወጣ፣ የመቅደሱን ወለል በባህር ውኃ አሳጠበ። ደሴቲቱን ለማጥመጃ የመረጣት ራሱ ነው፤ የሚያጥባትም ራሱ። ማስመሰል ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን አይመስለኝም። በዚያ ዘመን ሰው ዘንድ ሁለቱም አንድ ልብ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ በ1571 የመቅደሱን ዋና አዳራሽ እንደገና ያሠራውም እሱ ነው።

በ1557 የኦውቺ ቤት ጨርሶ ጠፋ፤ ሞቶናሪ በስድሳ ዓመቱ የትልቅ አገር ጌታ ሆነ። አሁን ማረፍ ፈለገ። ቤቱን በስም ለታካሞቶ ያወረሰው ገና በ1546 ነበር፤ ታካሞቶ ግን በራሱ የማይተማመን፣ የሚተክዝ ሰው ነበር፤ ትተኸኝ ከሄድክ እኔም እለቃለሁ አለ። ሁለቱ ታናናሾቹም በየተሰጧቸው ቤቶች ጉዳይ ተጠምደው ወደ አምባው ብቅ አይሉም ነበር። በዚህ መሀል ነው ሞቶናሪ በኅዳር ወር ያንን ደብዳቤ የጻፈው።

ደብዳቤው አሥራ አራት አንቀጽ አለው። የሞሪ ስም እንዳይጠፋ ይላል። ለሁለቱ ታናናሾች፣ የያዛችሁት የሌላ ቤት ስም ለጊዜው ነው፣ ሞሪነታችሁን እንዳትረሱ ይላል። በሦስታችሁ መካከል ጥቂት እንኳ ክፍተት ከተፈጠረ ሦስታችሁም እንደምትጠፉ እወቁ ይላል፤ ምክንያቱም የሞሪን ዘር የሚጠላው ሰው ብዙ ነው። ለሟች እናታቸው ከሁሉ የሚበልጠው ተዝካር የእነሱ መስማማት እንደሆነ ይነግራቸዋል። እህታቸውን እኩል እንዲያዩዋትም ይጠይቃል። ስለ አንድነት የሚናገረው ክፍል እዚህ ነው፤ ፍላጻ የሚል ቃል ግን የትም የለም።

ከዚያ ያልጠበቅነው ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው ገድያለሁ፣ የዚህ ዋጋ ሳይከፈል አይቀርም ብዬ እፈራለሁ፣ እናንተም ተጠንቀቁ ይላቸዋል። በሃያ ዓመቴ ከተዋጋሁት ውጊያ ጀምሮ አርባ ዓመት አለፈ፤ ከሰው የበለጠ ጉልበትም ብልሃትም ሳይኖረኝ እንዴት እንደተረፍኩ ለራሴም ይገርመኛል ይላል። ወንድሙን፣ ኦኪትሱኔንና ትንሽ ልጁን፣ ኢኖዌዎችን ካወቃችሁ በኋላ «የሚጠላን ብዙ ነው» የሚለውን ስታነቡት ምክር ብቻ ሆኖ አይሰማችሁም።

በዚያው ሰሞን የተጻፈ ሌላ ወረቀትም አለ። ሞቶናሪና አሥራ አንድ የአኪ ባላባቶች ወታደሮቻቸው እንዳይዘርፉና ያለፈቃድ ከጦር ሰፈር እንዳይወጡ ተማምለው ፈረሙ፤ ያጠፋ ይገደላል። አፈራረማቸው ግን ለየት ይላል። ስሞቻቸው ከላይ ወደ ታች አልተደረደሩም፤ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ዘንጎች በክብ ተጽፈዋል፤ ስለዚህም «የጃንጥላ ቃል ኪዳን» ይባላል። ክብ ላይ ራስና ጭራ የለም። ያን ያህል አገር ከያዘ በኋላ እንኳ የጥንት እኩዮቹ ፊት ሞቶናሪ ስሙን ከላይ አላስቀመጠም። ከ238ቱ ሎሌዎች መሐላ ጋር ስታስተያዩት ሰውየው የት ላይ ጡጫ፣ የት ላይ ፈገግታ እንደሚያሳይ ያውቅ ነበር።

የቀሩትን ዓመታት ቶሎ እንለፋቸው፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ ቆም እንበል፤ ብሩ ላይ። በ1562 ሞሪዎች የኢዋሚን የብር ማዕድን ያዙ። እዚያ ከ1533 ጀምሮ ከኮሪያ የመጣ የማንጠር ዘዴ ይሠራበት ነበር። ድንጋዩ ከእርሳስ ጋር ይቀልጣል፣ እርሳሱ ብሩን ይዞ ይወጣል። ቀጥሎ ቅይጡ አመድ ላይ ተደርጎ እንደገና ይግላል፤ የተቃጠለው እርሳስ አመዱ ውስጥ ይሰምጣል፣ ብሩ ላይ ይቀራል። ያ ብር በፖርቱጋልና በቻይና ነጋዴዎች እጅ ብዙ ባህር ተሻግሯል፤ ቦታው በ2007 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ገንዘብ ምን ያህል ኃይል እንደነበረው ለማየት፣ ንጉሠ ነገሥት ኦጊማቺ በ1557 ዙፋን ቢወርስም ለሥርዓተ ንግሡ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ቆይቷል። በ1560 ወጪውን የሸፈነለት ሞቶናሪ ነው። ለማኙ ጌታ ለንጉሠ ነገሥት ለጋሽ ሆነ።

አማጎዎችን ለመጨረስ በተነሳው ዘመቻ መሀል ነው ታካሞቶ በ1563 መንገድ ላይ፣ አንድ ባላባት ቤት ከተጋበዘ በኋላ፣ በድንገት የሞተው። ተመርዟል የሚል ጥርጣሬ ተነሳ። አባትየው ሐዘኑን ይዞ ጦርነቱን ቀጠለ፤ የአማጎ አምባ እጁን የሰጠው በ1566 መጨረሻ ገደማ ነው። የሞሪን ቤት የታካሞቶ ልጅ ቴሩሞቶ ወረሰ፤ ሁለቱ አጎቶቹም በእርግጥ ደገፉት። ሞቶናሪ በሐምሌ 1571 ኮሪያማ ላይ ዐረፈ፣ እዚያውም ተቀበረ።

ፍላጻዎቹስ ከየት መጡ? ታሪኩ ከሞቶናሪ በጣም ይበልጣል። ሞንጎሎች አላን ጎዋ የምትባል እናት ለአምስት ልጆቿ አምስት ፍላጻ እንደሰጠች ይተርካሉ። የቻይና የታሪክ መጻሕፍት አንድ የቱዩሁን ንጉሥ ለሃያ ልጆቹ ይህንኑ እንዳደረገ ይጽፋሉ። የኤዞፕ ተረት ላይ ፍላጻው የእንጨት እስር ነው። ተረቱ ተጓዥ ነው፤ በየደረሰበት አገር አባት ይፈልጋል። ጃፓን ሲደርስ ለሦስት ልጆቹ ስለ አንድነት በእርግጥ የጻፈ አባት አገኘ። ከዚያ በሜጂ ዘመን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ ገባና አገሩን ሁሉ አዳረሰ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። በ1600 በሴኪጋሃራ ታላቅ ጦርነት ቴሩሞቶ የአንዱ ወገን የበላይ አዛዥ ተብሎ ኦሳካ ተቀምጦ ነበር። ጦሩ ሜዳ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? የኪክካዋ ቤት አለቃ፣ የሞቶሃሩ ልጅ ሂሮኢዬ፣ ከጠላት ከቶኩጋዋ ጋር በምስጢር ተስማምቶ የሞሪን ዋና ጦር መንገድ ዘግቶበት ቆመ። የኮባያካዋ ቤት አለቃ ሂዴአኪ፣ ታካካጌ በማደጎ የወሰደው የሌላ ቤት ልጅ፣ ውጊያው መሀል ዞሮ የራሱን ወገን ወጋ። ሁለቱ ወንዞች በአንድ ቀን። የሞሪ ቤት ሁለት አውራጃ ብቻ ቀርተውለት ቾሹ ወደተባለው ምዕራባዊ ጥግ ተገፋ።

በዚያ ቀን ከሂሮኢዬ ጀርባ መንገድ ተዘግቶበት የቆመውን የሞሪ ጦር ይመራ የነበረው ሂዴሞቶ የሚባል ወጣት ነው። አባቱ ሞቶኪዮ የሞቶናሪ አራተኛ ልጅ ነበር፤ እናቱም ሌላ ናት። ያ ደብዳቤ ሲጻፍ ሞቶኪዮ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ደብዳቤውም ውስጥ አለ፣ በስሙ ግን አይደለም። ሞቶናሪ ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ትንንሾቹን ልጆቹን ከትል ጋር አመሳስሏቸው፣ የረባ ከወጣቸው ሩቅ ቦታ መሬት ስጧቸው፣ ካልረቡም እንደፈለጋችሁ አድርጉ ብሎ አልፏቸዋል። በ1707 የቴሩሞቶ የዘር ሐረግ የሆነው የቾሹ ገዢ ወራሽ ሳይተው ሞተ። ቤቱን እንዲወርስ የተጠራው የሂዴሞቶ ዘር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ሳሙራይ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ሞሪዎችን የመሩት ከዚያ ትንሽ ልጅ የወረዱ ናቸው።